ሁለት ወንበር ወደ ዳናንግ

በሁለት ሺህ ሰማንያ አንድ ዓመተ ምሕረት ክረምት ከቢሾፍቱ የሚነሣ የኢኮኖሚ መንገደኛ በመጀመሪያ ይመዘናል። ጫማውን አውልቆ ሚዛኑ ላይ ይወጣል፤ ሚዛኑም ያየውን ለማንም ሳይናገር ለወንበሩ ብቻ ያስተላልፋል። የሰውን ፊት መቅረጽና የጣት አሻራ መውሰድ በፍርድ ቤት ከታገደ ሰባት ዓመት አልፎታል። ሰው ሁሉ ይህን እንደ ትልቅ ድል ይቆጥረዋል። ወንበሩ የሚያውቀው ኪሎ ብቻ ነው፤ ከኪሎው ተነሥቶ ግን ስም ያወጣል፣ ቁርስ ያቀርባል፣ መድኃኒት ያስታውሳል፣ ሰውየውንም ወደ ታዘዘለት አገር ያደርሳል።

ይድነቃቸው ስልሳ ስምንት ኪሎ ሆነ። ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው፤ አዳማ ውስጥ አሳንሰር ይጠግናል። ከተማዋ ወደ ላይ ማደግ ከጀመረች ወዲህ ሥራ አጥቶ አያውቅም።

የዕድሜ ጉዞ የሚባለው ለአንድ ሰው አንዴ ነው። ሰማዩ ከሚችለው በላይ ጭስ ተሸክሞ ስለነበር አገሮች ተስማምተው ለእያንዳንዱ ሰው በሕይወቱ አንድ ረጅም በረራ ከአራት ማረፊያ ጋር ደለደሉለት። በእያንዳንዱ ማረፊያ አራት ሰዓት ይሰጠዋል። ድልድሉ አይሸጥም፣ አይወረስም። ስለዚህ ብዙ ሰው መቼና ወዴት እንደሚሄድ ዓመታት ያወጣል ያወርዳል። የይድነቃቸው ሚስት ቤዛ ግን አላወጣችም አላወረደችም። በሃያ ሁለት ዓመቷ፣ ከእሱ ጋር ሳትተዋወቅ፣ ከጓደኞቿ ጋር ሊዝበን ሄዳ ጨረሰችው። ይድነቃቸው ስለ ሊዝበን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሰምቷል።

እሱ የመረጠው ክዊንስታውን የምትባለውን የኒውዚላንድ ከተማ ነው። እዚያ በሐምሌ ተራራው አናት ላይ አሁንም አመዳይ ይጥላል። አዳማ የሚያውቀው በረዶ ቆርቆሮ የሚደበድበውን ነው። ይድነቃቸው ድምፅ የሌለውን፣ እንደ ተባዘተ ጥጥ የሚወርደውን በዓይኑ ማየት ፈለገ። ለዚህ ምክንያት ያስፈልገዋል ብሎ አያምንም።

በኢኮኖሚው ክፍል ወንበሮቹ በሦስት ደርብ ተደርድረዋል። በወረቀት ላይ ስማቸው ሀ፣ ለ፣ ሐ ነው፤ ሰው ግን መደብ፣ መሃልና ቆጥ ይላቸዋል። ደርቦቹ እንደ ደረጃ ወደ ኋላ ሸሸት ያሉ ስለሆኑ ከቆጥ ያለ ሰው ዘንበል ቢል ከበታቹ ያሉትን ሰዎች አናት ያያል። የተቀመጠ ሰው ደረቱ ላይ ቀበቶ ይዘጋበታል፤ የሚከፈተውም መውረጃው ላይ ብቻ ነው። አውሮፕላን መቀየር ቢያስፈልግ እንኳ መንገደኛው አይወርድም፤ ወንበሩን ከነሰውየው ነቅለው ሌላው ላይ ይተክሉታል። ስለ መጸዳጃ የሚጠይቅ የለም፤ ወንበሩ ያውቅበታል። ነቅቶ መብረር የሌላ ማዕረግ ነው። የነቃ ሰው ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይነጫነጫል፤ ስለዚህ የኢኮኖሚ መንገደኛ ቀበቶው እንደተዘጋ አየሩ ይከብደውና ይተኛል። የሚነቃው ወንበር የሚነቀልበት ጣቢያ ሲቃረብ ለሃምሳ ደቂቃ ነው።

ይህ ሁሉ ይድነቃቸውን አላስጨነቀውም። ሳጥን ውስጥ ገብተው ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው የሚቆሙ ሰዎችን ሲያይ ነው የኖረው።

ችግሩ የመጣው በጨዋነት ነው።

እሱ መደብ ላይ፣ ሃያ ሁለት ሀ ላይ ተቀምጦ ቀበቶው እስኪዘጋ ሲጠብቅ፣ ሰባ ስምንት ዓመት የሆናቸው ወፈር ያሉ እናት ምርኩዝ ይዘው መጡና ከፊቱ ቆሙ። ስማቸው ሶሊያና ነበር። በዚያ ዘመን የአሮጊቶች ስም ሶሊያና፣ ሜላት፣ ሄመን ነው፤ ወጣቶቹ ደግሞ ወደ ቅድመ አያቶቻቸው ስም ተመልሰዋል። እማማ ሶሊያና ካርዳቸውን አዩ፤ አንጋጠው ቆጡን አዩ፤ ወደ ቆጡ የሚያወጣውን አምስት የብረት እርከን ቆጠሩ።

«ይሄን መሰላል እኔ ነኝ የምወጣው?» አሉ፤ የጠየቁት መሰላሉን ነበር።

ይድነቃቸው አሰበ ለማለት ያስቸግራል። እግሮቹ ቀድመውት ተነሡ።

«ኖር!»

«በእግዜር! ኧረ ተቀመጥ ልጄ። ቁጥር አለው አይደል?»

«ቁጥሩ የወንበሩ ነው እማማ። እርስዎ እዚህ ይረፉ፤ እኔ ቆጥ ላይ እወጣለሁ። መሰላል እንጀራዬ ነው።»

መሃል ደርብ ላይ የተቀመጠች ፊቷ ጠይም፣ ዓይኗ ፈጣን ወጣት አንገቷን ብቅ አድርጋ ሁለቱንም አየቻቸው። የሆነ ነገር ልትል አፏን ከፈተች፤ አየሩ ቀደማትና አዛጋች።

እማማ ሶሊያና ስልሳ ዘጠኝ ኪሎ ነበሩ። ወንበሮቹ አንድ ኪሎ ይምራሉ። ሁለቱም ቀበቶዎች ቀጭ ብለው ተዘጉ፤ አረንጓዴ መብራት በራ።

«በሄድክበት ይቅናህ» ሲሉ ከታች መረቁት። ይድነቃቸው ደስ ብሎት ተኛ።

*

«እንደምን አደሩ፣ ወይዘሮ ሶሊያና» አለው ወንበሩ። «ጉልበትዎ እንዴት ነው?»

ይድነቃቸው ዓይኑን ገለጠ። ከፊቱ ትንሽ ትሪ ወጥታለች፤ በላይዋ ላይ ለብ ያለ አጥሚት፣ አንድ እሽግ ማርና ሁለት ነጭ ክኒን አለ።

«ክኒኑን ከምግብ በኋላ ይውሰዱ» አለ ወንበሩ።

ከታች የእማማ ሶሊያና ድምፅ ተሰማ። «እኔን ደግሞ አቶ ይድነቃቸው አለኝ! ጥርስ የሚሰብር ዳቦ አመጣልኝ! ይድነቃቸው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ እማማ!» አለና ሳቀ። እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ ፊት ለፊቱ ያለው ስክሪን ላይ ጽሑፍ ወጣና ሳቁ አለቀ። *ኮሎምቦ ላይ ወንበርዎ ይነቀላል። ቀጣይ ማረፊያ፦ ዳናንግ። ቀሪ ጊዜ፦ አርባ ሰባት ደቂቃ።*

«እማማ፣ እርስዎ ስክሪን ላይ ቀጣይ ማረፊያ የሚለው ምንድን ነው?»

«ፐርዝ ይላል። ከዚያ ክዊ... ክዊን የሚባል። የማን አገር ነው ይሄ?»

«የኔ ነው» አለ ይድነቃቸው።

መሃል ያለችው ወጣት ዳቦዋን እያኘከች ነበር። ማኘኳን አቆመች።

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» አለች ቀስ ብላ። «ማታ ልነግራችሁ ነበር፤ እንቅልፍ ወሰደኝ። ወንድም፣ ወንበር እኮ ቂጥ ማሳረፊያ አይደለም። ወንበሩ ነው የሚሄደው፤ አንተ ላዩ ላይ የተጫንክ ዕቃ ነህ።»

«አስተናጋጅ ልጥራና እንናገራ።» እጁን ወደ ቀዩ ቁልፍ ሰደደ።

ወጣቷ ወደ ላይ ተንጠራርታ እጁን በጥፊ መታችው። «ተው! የሰማኸው ነገር የለም? ወንበር የተለዋወጡ መንገደኞች ሁለቱም ወደ ተነሡበት ይመለሳሉ። የዕድሜ ጉዟቸው አለቀ ማለት ነው። አንቀጹን በቃሌ ልበልልህ?»

«አንቺ እንዴት አወቅሽ?»

«ደብሪቱ እባላለሁ። ደብረ ታቦር ፍርድ ቤቱ በር ላይ ጃንጥላ ዘርግቼ አቤቱታ እጽፋለሁ።»

«ለዳኛ?»

«ለማሽን ነዋ! ዳኛ ማን ያገኛል?»

ይድነቃቸው ዘንበል ብሎ ቢያይ የእማማ ሶሊያናን ነጠላ የሸፈነው አናት ብቻ ታየው። ትሪያቸውን አልነኩም።

«እማማ?»

«ሊን በሩ ላይ ትጠብቀኛለች» አሉ።

«ሊን ማናት?»

ሲመልሱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ የሰው ነገር እንደሚያወሩ ሆነው ነበር። የዛሬ አርባ አንድ ዓመት ማሽኖች የተሳሳቱትን ስዕል አሁንም በሰው ሲያሳርሙ፣ ሶሊያና ጅማ ላይ፣ ሊን ዳናንግ ላይ ሆነው ለአንድ ኩባንያ ስዕል ይለዩ ነበር። ሁለት ሠራተኛ ያልተስማማበት ስዕል ሲኖር ኩባንያው ያገናኛቸውና ተስማሙ ይላቸዋል። አንድ ቀን አንድ እንስሳ መጣ። ሶሊያና በቅሎ ነው አለች፤ ሊን አህያ ነው አለች። ሦስት ቀን ተጨቃጨቁ።

«ምን ነበር?» አለች ደብሪቱ።

«በቅሎ ነዋ! በቅሎ ሳላውቅ ነው ጅማ ያደግሁት?» አሉ እማማ ሶሊያና ተቆጥተው። «እስከ ዛሬ አላመነችም። ኩባንያው ተዘጋ፤ እኛ አልተዘጋንም። በየጠዋቱ እናወራለን። ባሌ ሲሞት ከልጆቼ አስቀድሜ የነገርኩት ለእሷ ነው። እሷ የዕድሜ ጉዞዋን ለልጇ ሕክምና ጨርሳዋለች፤ ወደ እኔ መምጣት አትችልም። የሄድኩ እንደሆነ እኔ ነኝ የምሄደው። አራት ሰዓት።»

ስክሪኑ አርባ አንድ ደቂቃ ይላል። ይድነቃቸው የሠራውን ነገር አንድ በአንድ አየው። እሳቸው ያላሰቡትን አመዳይ ሊያዩ ነው፤ እሱ ደግሞ የማያውቃትን ሴት ሊያገኝ። ሊን በሩ ላይ ቆማ ከወንበሩ የሚወርድላት አንድ የአዳማ አሳንሰር ጠጋኝ ነው። ክዊንስታውን ከእጁ ያመለጠው ማታ ከወንበሩ ሲነሣ ነበር፤ ያንን ለራሱ ነገረውና አለፈው። የቀረው የእሳቸው ነገር ነው።

«ዘመድ ናችሁ?» አለች ደብሪቱ በድንገት።

«አይደለንም።»

«በሩቁም? በሰባት ቤት?»

«እኔ የአዳማ ነኝ፣ እሳቸው የጅማ።»

«የአንድ ቤተሰብ ወንበር አይነጣጠልም የሚል አንቀጽ አለ። ታናሽ በታላቅ መንገድ ይሄዳል። ቤተሰብ ብትሆኑ ሁለቱም ወንበር ወደ እማማ መንገድ ይዞራል፤ ማን የት እንደተቀመጠ የሚጠይቅ የለም።» ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ አሰበች። «ጋብቻ ነበር ፈጣኑ...»

«አፍሽን ያዢ!» አሉ ከታች።

«ሚስት አለው እማማ፣ እሱንም አስቤዋለሁ። እንግዲያው የጡት ልጅ።»

ቃሉን ይድነቃቸው ከአያቱ አፍ ነበር የሚያውቀው። ደብሪቱ እንደ ማመልከቻ ቀለል አድርጋ አስረዳች፤ የጡት ልጅነት በሕጉ ውስጥ ከሃያ ዓመት በፊት ተመልሶ ገብቷል። ታላቁ አውራ ጣቱን ማር ይነክራል፣ ታናሹ ይጠባል፣ ሦስት ሰው ይመሰክራል፣ የቀበሌው ወሳኝ ኩነት መዝጋቢ ይጽፋል። ከልደት እኩል ነው።

«አልፈልግም» አሉ እማማ ሶሊያና።

«እማማ፣ ሰዓቱ...»

«ልጅ ለወንበር ብዬ አልወልድም! ጨዋታ መሰለሽ? አባቴ የጡት ልጅ ነበረው። አባቴ ሲሞት ከእኛ ከሥጋ ልጆቹ እኩል አልቅሶ፣ ሬሳ ተሸክሞ፣ ተዝካር አውጥቶ ነው የቀበረው። እኔ የዚህን ልጅ ስም ያወቅሁት ወንበሩ በስሙ ስለጠራኝ ነው። ደግሞስ ልጆቼን ምን እላቸዋለሁ? ሰማይ ላይ ወንድም ወለድኩላችሁ ልበላቸው?»

ደብሪቱ ወደ ቆጡ አንጋጠጠች። ይድነቃቸው ወደ መደብ ዘንበል አለ። ሠላሳ ሦስት ደቂቃ።

«ልክ ነዎት እማማ» አለ። «እኔ የምሆነውን ብቻ ልንገርዎ፤ ከዚያ እርስዎ ያውቃሉ። ለዓመት በዓል እመጣለሁ። ሲያምዎ እመጣለሁ። አሳንሰርዎ ከተበላሸ...»

«ምድር ቤት ነው የምኖረው።»

«እንግዲያው ሌላ የተበላሸ ነገር አይጠፋም። የየቀን ልጅ አልሆንም፤ ሥራ አለኝ፣ ትዳር አለኝ፤ የማልችለውን አልምልም። እናቴ ካረፈች ዐሥራ አንድ ዓመት ሆናት። ከዛሬ በኋላ ግን ሰው እናት አለችህ ወይ ብሎ ቢጠይቀኝ የለችም አልልም። ይሄን ያህሉን እችላለሁ።»

ከታች ማንኪያ ሰሃን ሲነካ ተሰማ፤ እማማ ሶሊያና ማንኪያውን አንሥተው መልሰው አስቀመጡት።

«ሚስትህ ምን ትላለች?»

«ሊዝበን ላይ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም ትላለች።»

መጀመሪያ የሳቀችው ደብሪቱ ናት። ቀጥሎ እማማ ሶሊያና ሳቁ፤ ሳቃቸው ሲያበቃ ድምፃቸው ተለውጦ ነበር።

«ማሩን አውርዱልኝ» አሉ።

*

ይድነቃቸው አረንጓዴውን የቤተሰብ ጉዳይ ቁልፍ ነክቶ የጡት ልጅነት የሚለውን ሲመርጥ ስክሪኑ ላይ አንዲት መዝጋቢ ወጣች። ሀገር ቤት ገና ጠዋት ነው፤ ከኋላዋ የሚጠብቁ ሰዎች ወንበር ላይ ተደርድረዋል፤ አንዷ ሕፃን ታቅፋለች። መዝጋቢዋ ከስክሪኑ ላይ የወንበሩን መንገደኛ ስም አነበበች፤ ቀና ብላም ይድነቃቸውን አየችው። ፊት መቅረጽ እንጂ ማየት አልተከለከለም።

«ወይዘሮ ሶሊያና» አለች፤ «ጢም አውጥተዋል?»

ደብሪቱ ዓይኗን ጨፈነች። ይድነቃቸው መዋሸት አልሆነለትም፤ ጢሙን ዳሰሰ። መዝጋቢዋ ከኋላዋ የሚጠብቁትን ሰዎች ዞራ አየች።

«የኔ ሥራ ልደት፣ ሞት፣ ጋብቻና የጡት ልጅነት መመዝገብ ነው» አለች። «ወንበር አልመዘግብም። እናትየው የት አሉ?»

«ከታች አለሁ!» አሉ እማማ ሶሊያና።

«ልጅየውስ?»

«እኔ ነኝ። ይድነቃቸው።»

«ይሄ ነገር እንደማይሰረዝ ያውቃሉ አቶ ይድነቃቸው? ጋብቻ ይፈርሳል፤ ይሄ አይፈርስም። ለበረራ ብለው ከሆነ ከአሁኑ ይተዉት።»

«የጀመርነው ለበረራ ነው» አለ ይድነቃቸው። «አሁን ግን ለበረራ ብቻ አይደለም።»

መዝጋቢዋ ትንሽ አየችውና ወረቀት ሳበች። «ምስክር።»

«ደብሪቱ አሻግሬ፣ አቤቱታ ጸሐፊ!» አለች ደብሪቱ። «አንድ።»

ከመተላለፊያው ማዶ መደብ ላይ አቶ ኪሩቤል የሚባሉ ሽማግሌ ሻያቸውን እየጠጡ ነበር። ከነቁ ጀምሮ ምንም እንዳልሰማ ሰው ጣራ ጣራ ሲያዩ ነው የቆዩት። አሁን ብርጭቋቸውን አስቀመጡ።

«እኔ የሰማሁት ነገር የለም» አሉ። «ምስክር ሲባል ግን ሰምቻለሁ። ኪሩቤል ነኝ። ሜላት! ተነሽ፣ ምስክር ሁኚ!»

«የምን ምስክር?» አሉ ከበላያቸው ያሉት ሚስታቸው በእንቅልፍ ድምፅ።

«ልደት ነው!»

«እሰይ!» አሉ ወይዘሮ ሜላት፤ ገና ዓይናቸውን አልገለጡም። «ወንድ ነው ሴት?»

«ወንድ። ጢም አለው።»

እሽጓ ማር በደብሪቱ እጅ አልፋ ወደ መደብ ወረደች። እማማ ሶሊያና አውራ ጣታቸውን ነክረው ክንዳቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። ይድነቃቸው ቀበቶው እስከፈቀደለት ድረስ ታጠፈ። አንድ ስንዝር ጎደለ። ማሩ በክንዳቸው ላይ መፍሰስ ጀመረ።

«ትንሽ ዝቅ በል!»

«ከዚህ በላይ ከታጠፍኩ እሰበራለሁ።»

«እማማ ክንድዎን ያውጡ!»

«ሰባ ስምንት ዓመት ሙሉ ያወጣሁት ይሄንኑ ነው፣ ከየት ልጨምር?»

ደብሪቱ የሁለቱም መሃል ላይ ነበረች። ዳቦዋን አፏ ውስጥ ወትፋ የአሮጊቷን ክርን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ላይ ገፋች፤ አቶ ኪሩቤል ከማዶ «ቀኝ! ትንሽ ወደ ቀኝ!» ይሉ ነበር። የአውራ ጣቱ ጫፍ የይድነቃቸውን ከንፈር ነካ። ጠባው። ማሩ ላይ ትንሽ የቅባት ጣዕም ነበረበት። እሱም እንዳይስቅ ሲጠነቀቅ እንባ መጣበት።

«ይሁን» አሉ እማማ ሶሊያና። «ይሁን፣ ልጄ።»

መዝጋቢዋ ጻፈች። ከኋላዋ ሕፃን የታቀፈችው ሴት እልል አለች፤ ለማን እንደሆነ ግን ግልጽ አልነበረም።

ስክሪኑ ዐሥራ አራት ደቂቃ ሲል ጽሑፉ ተለወጠ። *የቤተሰብ ቁጥር ተሰጥቷል። የታናሽ ወንበር የታላቅን መንገድ ይከተላል። ፐርዝ፣ ክዊንስታውን ተሰርዟል።* ይድነቃቸው የመጨረሻዋን ቃል ሁለት ጊዜ አነበባት።

«አዘንክ?» አሉ ከታች፤ እሳቸውም እያነበቡ ነበር።

«ትንሽ።»

«እዘን። ደንብ ነው።»

ደብሪቱ እጇን በናፕኪን እየጠረገች ነበር። «እኔ እዚያው ነው የምሄደው» አለች። «አመዳዩን አይቼ እጽፍልሃለሁ። ለማሽን ካልሆነ ጽሑፌ ምን እንደሚመስል ረስቼዋለሁ፤ ታገሠኝ።»

አየሩ መክበድ ጀመረ። ትሪዎቹ ወደ ግድግዳው ገቡ፤ የአቶ ኪሩቤል ማንኮራፋት ቀድሞ ተሰማ። ከውጭ ብረት ብረትን ሲይዝ ይሰማል፤ ኮሎምቦ ነው።

«ይድነቃቸው» አሉ እማማ ሶሊያና።

«አቤት እማዬ።»

ምን ሊሉት እንደነበር አልሰማም። እሳቸውም የሚሉት አልነበራቸው ይሆናል፤ ጠርተው ማየት ብቻ ይሆናል የፈለጉት።

*

ዳናንግ ላይ ቀበቶዎቹ ተከፈቱ። ይድነቃቸው በመሰላሉ ወርዶ ምርኩዛቸውን አነሣላቸው፤ በአዲሱ አውሮፕላን ከሁለቱ ወንበር መሃል ያለው ቦታ ባዶ ነበር፤ ደብሪቱ ከኮሎምቦ ወደ ፐርዝ ሄዳለች። እማማ ሶሊያና ለመቆም ሁለት ጊዜ ሞክረው በሦስተኛው ቆሙ። ነጠላቸውን አስተካከሉ። እንደገና አስተካከሉ።

«ደህና ነኝ ወይ?»

«ደህና ነሽ እማዬ።» አንቺ ማለቱን ያወቀው ካለ በኋላ ነው። እሳቸውም ክንዱን ያዙ።

ከአውሮፕላኑ እስከ በሩ ያለው መተላለፊያ ረጅም ነበር። በየዐሥር እርምጃው ቆሙ። ውጭ ሙቀቱ እንደ እርጥብ ጨርቅ ፊታቸው ላይ አረፈ፤ ጀምበር ወደ ተራሮቹ እያዘቀዘቀች ነው። ከአጥሩ ወዲያ ሰዎች ተደርድረው የሚወርደውን መንገደኛ ሁሉ በዓይናቸው ይፈትሻሉ። በሩ ላይ የተሰቀለው ሰዓት ከአራት ሰዓት ወደ ታች መቁጠር ጀመረ።

እማማ ሶሊያና ቆሙ። በሰዎቹ መሃል አንዲት ቀጭን ሴት ቆማለች፤ ፀጉሯ ሙሉ ለሙሉ ነጭ ነው፤ ከአካባቢዋ ካሉት ሁሉ በጭንቅላት ትበልጣለች። እሷም እማማ ሶሊያናን አየቻቸውና አፏን በእጇ ያዘች። ሰዎቹን በክርኗ እየገፋች ወጣች፤ መጣች፤ ሁለት እርምጃ ሲቀራት ግን ቆመች። ከላይ እስከ ታች፣ ከታች እስከ ላይ አየቻቸው። አርባ አንድ ዓመት ሙሉ እርስ በርሳቸው የሚያውቁት ከደረት በላይ ብቻ ነበር።

«አጭር ነሽ!» ብላ ጮኸች በአማርኛ።

«አንቺ ነሽ የረዘምሽ!» አሉ እማማ ሶሊያና። «አርባ አንድ ዓመት ቁመትሽን ደብቀሽኝ!»

ሊን መዳፏን የእማማ ሶሊያና አናት ላይ ጫነች። ከፍታውን ሳትለውጥ ወደ ራሷ ስታመጣው መዳፏ ትከሻዋ ላይ እንኳ አልደረሰም። ሁለቱም ተያይተው ሳቁ፤ እየሳቁ ተቃቀፉ፤ ከዚያ መሳቃቸውን አቆሙ እንጂ መተቃቀፋቸውን አላቆሙም። ይድነቃቸው ሻንጣውንና ምርኩዙን ይዞ ፊቱን ወደ ተራሮቹ አዞረ።

ሊን ቀና ስትል አየችው። «ይሄ ማን ነው?»

«ልጄ ነው።»

«ትናንት አልነበረም! ሁለት ነው ልጆችሽ። እኔ አውቃለሁ፤ ስማቸውን አውቃለሁ!»

«ዛሬ ጠዋት ነው የወለድኩት።»

ሊን ጢሙን አየች፣ ሻንጣውን አየች፣ ወደ እማማ ሶሊያና ዞረች። እንደ ድሮው፣ አንድ ስዕል ላይ ባልተስማሙ ጊዜ፣ ለመከራከር ጣቷን አነሣች። ከዚያ ሐሳቧን ለውጣ ይድነቃቸውን በአገጩ ይዛ ወደ ብርሃኑ አዞረችው፤ አሮጊቶች አራስ ቤት ገብተው ሕፃኑ ማንን ይመስላል እንደሚሉት መርምራ አየችው።

«አፍንጫው ያንቺ ነው» አለች፤ ጨርሳ አመነች።

ሦስቱም ወደ ባሕሩ በሚወስደው መንገድ ሄዱ። ሊን ረጃጅም እግሮቿን አሳጥራ በሶሊያና እርምጃ ልክ ትራመድ ነበር። ይድነቃቸው ከኋላቸው ሆኖ ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ ተከተላቸው። በሩ ላይ ያለው ሰዓት ሦስት ሰዓት ከሃምሳ አንድ ደቂቃ ቀርቷል ይላል። ማንም አልተጣደፈም።